ሁለት ሆኖ የወጣው የንጋቷ ድምፅ

ድሮ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ንጋቷ ስትዘምር አልሰማሁም የሚል ሰው ከተገኘ፣ ወይ ትናንት በሚኒባስ የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ ደግሞ ጆሮውን መታየት አለበት ይባል ነበር። ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል የሚሉም ነበሩ። እሺ፣ ይቺ ትንሽ ተጋናለች። ግን የሚዛንን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዴ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ከጀመረ ፓስተሩ እንኳ ስብከቱን አቋርጦ ቁጭ የሚልለት ዝናብ ነው። ንጋቷ ግን ቁጭ አትልም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ድምጿ ጥርት ብሎ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ይሄ ማጋነን አይደለም፤ የሰሙት ሰዎች ዛሬም በከተማው አሉ፣ ሄዶ መጠየቅ ነው።

የተወለደችው ሸኮ አካባቢ ገጠር ነው። አባቷ ቡናና ኮረሪማ የሚያለማ ገበሬ ሲሆን በድግስ ጊዜ ደግሞ ቀርከሃ ይነፋ ነበር። የመንደራቸው አነፋፍ እናንተ ከምታውቁት ዋሽንት ይለያል። አንዱ ሰው አንድ ቀርከሃ ይይዛል፤ ቀርከሃው የጣት ቀዳዳ የለውም፣ ከአንዲት ድምፅ በቀር ምንም አያወጣም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ መካከለኛ ይዘው ወንዶቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ተራው የደረሰ የራሱን ይነፋና ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ያለው ይቀበላል፤ ዜማው ከአፍ ወደ አፍ እየዘለለ ክቡን ይዞራል። ንጋቷ ልጅ ሳለች «አባባ፣ ለኔ ብቻህን ንፋልኝ» ብትለው አባቷ አንዴ «ቱ» አደረገና «በቃ፣ የኔ ይኸው ነው» ብሎ ከት ብሎ ሳቀባት።

አድጋ ሚዛን ገባች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ልጆቿም አድገው አንዱ ቴፒ አንዷ ጅማ ሄዱ። እሷ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ሆና ኖረች። የለቀማ ሥራ ማለት ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ከተፈለፈለው ቡና ውስጥ ጥቁሩን፣ የነቀዘውንና የተሰበረውን እያወጡ መጣል ነው፤ ዓይንን ያደክማል፣ ወገብን ይቆርጣል፣ አእምሮን ግን ነፃ ይተዋል። ንጋቷ በዚያ ነፃ አእምሮ የእሁዱን መዝሙር ትለማመድ ነበር። አጠገቧ የምትቀመጠው ሹክሪያ ከጅማ በኩል የመጣች ሙስሊም ናት፤ ሆኖም የንጋቷን መዝሙሮች ከነአዝማቻቸው በቃሏ ትወጣቸዋለች። «ምን ላርግ፣ ጆሮ ክዳን የለው!» ትላለች።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ እንቅርቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። በዚያ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ የንጋቷ ግን እያደገ ሄዶ መተንፈስ ሲከለክላት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈላት። ዶክተሩ ደግ ሰው ነበር፣ አልደበቃትም። «እንቅርቱ የድምፅሽን ነርቭ አቅፎ ይዞታል። በጥንቃቄ ኦፕራሲዮን አደርግሻለሁ፤ ሕይወትሽ ይተርፋል፤ ድምፅሽን ግን ቃል አልገባልሽም» አላት። ፈረመች። ሕይወቷ ተረፈ።

ድምጿ ግን ሌላ ሆኖ መጣ። ግማሹ ትንፋሽ፣ ግማሹ ድምፅ። ስትናገር በሩ በደንብ ያልተዘጋ ቤት ውስጥ ነፋስ እንደሚገባ ይሰማል። ከፍ ላድርገው ስትል ደግሞ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ወፍራም ሆኖ ከታች፣ አንዱ ቀጭን ሆኖ ከላይ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። ሲያዩት አንዲት ሴት ናት፤ ዓይን ጨፍኖ ለሚሰማ ግን ሁለት ሰው ነው።

ቁስሏ ሲሽር የመዘምራኑ መሪ ኢሳይያስ ራሱ ወደ መድረክ አወጣት። ኢሳይያስ ከወጣትነቷ ጀምሮ ያሠለጠናት ሰው ነው፤ እንደ ታላቅ ወንድሟ ነው የምታየው። ብቻዋን የምትዘምረውን ሶሎ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ዘማሪ ሲያቅተው ጉባኤው ዝም ብሎ አያየውም። መሪው እጁን ወደ ላይ ያነሳል፣ መዘምራኑ ይቀበሉታል፣ ሕዝቡ ተነስቶ ይጸልይለታል፣ ኪቦርዱ ከሥር በለስላሳ ዜማ ይሞላል፤ የወደቀው ሰው መውደቁ ሳይታወቅ ይሸፈናል። ለንጋቷም እንዲሁ አደረጉላት። ኢሳይያስ እጁን አነሳ፤ ሕዝቡ ሁሉ ተነስቶ «ይርዳሽ ጌታ!» እያለ አለቀሰላት። እሷ በዚያ ሁሉ ድምፅ ሥር አፏን እንደከፈተች ቀረች። በማግስቱ የመዘምራን ልብሷን አጥባ፣ ተኩሳ መለሰች።

ሰው በጥላቻ ቢጎዳህ ቢያንስ ትሰድበዋለህ። በፍቅር ሲሸፍንህ ምን ትለዋለህ? ንጋቷም ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ሰው ሲያያት የምትዘምር ይመስለዋል። አለመዘመሯን የምታውቀው ሹክሪያ ብቻ ነበረች፤ እሷም ያወቀችው መጋዘኑ ጭር ብሎ ስለቀረባት ነው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት መጋዘኑ ውስጥ ገባች። በእጇ ረጅም ብረት፣ በብረቱ ጫፍ ደግሞ ፀጉራም ነገር ይዛለች። ለቃሚዎቹ «ድመት ናት?» «ሞታለች እንዴ?» እየተባባሉ ተጠቃቀሱ። ድመት አልነበረም፤ ለካ ማይክሮፎን ነው። ልጅቷ ትሕትና ትባላለች፤ የሚዛን የአስተማሪ ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምራ፣ ውጭም ሄዳ ተምራ ተመልሳለች። ምን ፈልጋ መጣች ቢሉ፣ ቡና ሲለቀም የሚሰማውን ድምፅ ልትቀዳ! ፍሬው በሰፌድ ላይ ሲንከባለል፣ የተጣለው ጣሳ ውስጥ ሲወድቅ፣ እሱን። ሴቶቹ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እንደ ደንቡ መልቀም ጀመሩ።

ንጋቷ ወደ ሹክሪያ ጠጋ ብላ፣ «አንቺ፣ ይቺ ልጅ ጤነኛ ናት?» አለቻት በሹክሹክታ።

ትሕትና ጆሮዋ ላይ የደፋችውን ማዳመጫ አውልቃ ቀና አለች። «አሁን ማን ነው የተናገረው?»

ለቃሚዎቹ ሁሉ ወደ ንጋቷ ዞሩ። ንጋቷ መሬት ብትሰነጠቅላት ትገባ ነበር።

«እርስዎ ነዎት አይደል? እባክዎ፣ አንዴ ይድገሙልኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።»

ንጋቷ ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሳች። «ልጄ፣ የሚሳቅበት ነገር ከፈለግሽ ገበያ ውጪ» አለቻትና ትታት ወጣች። ሹክሪያ ልጅቷን ልክ ልኳን ነገረቻት። የንጋቷን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ፣ ከነዝናቡና ከነቆርቆሮው፣ በቁጣ አወረደችባት። ትሕትና ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሰማቻት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ሁለቱ ጓደኛሞች በመጋዘኑ በረንዳ ላይ ቆጮ በጎመን ሲበሉ አገኘቻቸው። ጎንበስ ብላ፣ «እትዬ ንጋቷ፣ ትናንት አስቀይሜዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለች ንጋቷ ፊቷን ሳታዞር።

«የምሠራውን ሳልነግርዎ ነው ዘው ያልኩት። ሙዚቃ እጽፋለሁ። ክላሲካል የሚባለውን።»

«ያ ትልቅ ሰው ሲሞት በቴሌቪዥን የሚከፈተው?» አለች ሹክሪያ።

ትሕትና ሳቋ አመለጣት። «እሱ አያቱ ነው፣ እትዬ ሹክሪያ። እኔ የምጽፈው የልጅ ልጁን ነው፤ የዛሬውን።»

አጎንብሶ ይቅርታ የጠየቀን ሰው አቁሞ ማስቀረት ነውር ነውና «ቁጭ በይ፣ ብዪ» አሏት። በላች። እየበላች ነገረቻቸው፤ ነገሩን ታውቅበታለች። «የጥንቶቹ የሙዚቃ ደራሲዎች ቤት ነበራቸው» አለች። «ዜማው ከቤቱ ይወጣል፣ ዞር ዞር ይልና አምሽቶም ቢሆን ወደ ቤቱ ይገባል። ሰሚውም መግቢያውን ስለሚያውቅ ልቡ አይሰጋም። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ግን አንዳንዶቹ 'የግድ መመለስ አለበት?' ብለው ጠየቁ። ዜማውን አውጥተው ለቀቁት። ሁሉም ድምፅ እኩል ነው፣ ጌታና ሎሌ የለም ያሉም መጡ።»

«ሰዉ ዝም አላቸው?» አለች ሹክሪያ።

«የት ዝም ይላል! ጮኸባቸው፣ በፉጨት አስወጣቸው፣ አዳራሽ ውስጥ የተደባደበም አለ። እነሱ ግን አልተመለሱም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የባቡር ድምፅ፣ የበር ሲጢጥታ በቴፕ ቀድተው እየቆራረጡ ሙዚቃ ሠሩበት። ዝምታን እንደ ዜማ የጻፉም አሉ። እንደ እናንተ ለቀማ አንዲቷን ነገር እየደጋገሙ፣ እየደጋገሙ፣ ሳይታወቅ ቀስ አድርገው የሚለውጡም አሉ። የአንዲት ደወል ድምፅ ውስጥ ገብተው ስንት ድምፅ እንዳለ ፈልፍለው ያወጡም አሉ። ዛሬ ሁሉም ባንድ ላይ ይኖራል፤ ቤቱ የሚመለስም አለ፣ የማይመለስም አለ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።»

ንጋቷ መጉረሷን ትታ ነበር። «ይሄ ሁሉ ሲሆን እኛ የት ነበርን?» አለች ለራሷ።

ትሕትና ስልኳን አወጣችና ማዳመጫውን ለንጋቷ ጆሮ አደረገችላት። መጀመሪያ የመጣው ቫዮሊን ነው፤ ግን ቫዮሊን የማይመስል፣ ቆርቆሮ በጥፍር እንደሚቧጠጥ ያለ። ንጋቷ ፊቷን አጨማደደች። «ተበላሽቶባቸው ነው?» ብላ ጠየቀች። «አይደለም፣ ይታገሱ።» ቀጥሎ ዝም አለ። ከዝምታው ውስጥ የአንዲት ሴት ትንፋሽ መጣ። ትንፋሹ ውስጥ ድምፅ አለ፤ ድምፁ ሻከረ፤ ተሰነጠቀ፤ ለሁለት ሆነ፤ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ። ንጋቷ በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ያለውን ነገር ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ዓይኗ ፈጠጠ። ሹክሪያ ደንግጣ «ምን ሆንሽ? ንጋትዬ! ምን ሆንሽ?» ትላለች፣ ማን ይስማት።

ሲያበቃ ንጋቷ ቀስ ብላ አወለቀችው። «ይቺ ሴት እንቅርት ታማ ነው?»

«አይደለም። ጤነኛ ናት። ደራሲው እንዲህ አድርጊ ብሎ ጽፎላት ነው።»

«ጽፎላት? ይሄንን?»

«አዎ። እንዲህ ማድረግ ለመቻል ለዓመታት ተለማምዳለች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነው የሰማት። አንድ ሰው አላሳለም።»

ንጋቷ ሰማይ ሰማይ አየች፤ ከዚያ ተራራውን አየች፤ ከዚያ እጇን አየች። በሕይወቷ ብዙ ነገር አስደንቋታል፤ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ ባሮ ወንዝን ያየች ጊዜ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። እሷ ያፈረችበትን ነገር፣ አንድ የማታውቀው ሰው በማታውቀው አገር ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ ወዶ፣ በወረቀት ጽፎት! ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ከዚያ ሳቅ መጣባት፣ ያውም የማይቆም ሳቅ። «እንግዲያ እኔ ሳልለማመድ ነዋ!» አለች፣ ሁለት ሆኖ በሚወጣው ድምጿ፣ ጮክ ብላ። ሹክሪያ ያንን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «አልሃምዱሊላህ» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ትሕትና ቁጭ ብላ የጻፈችው ሙዚቃ «ትንፋሽ» ይባላል። ለመዘምራን፣ ለሰፌድና ለአንድ ሴት። ወረቀቱን ቤተ ክርስቲያን ይዛ ሄዳ ለመዘምራኑ ስታሳያቸው ኢሳይያስ መነጽሩን አውልቆ ጠራርጎ እንደገና አደረገው። እሱ የሚያውቀው በዶ ሬ ሚ የተጻፈ መዝሙር ነው። ይሄኛው ላይ ነጠብጣብ አለ፣ ወጣ ገባ የሚል መስመር አለ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ባዶ ነጭ አለ። «ይሄ ባዶው ምንድን ነው? ማተሚያው ቀለም አልቆበት ነው?» አለ። «እሱ የእትዬ ንጋቷ ቦታ ነው» አለችው።

ኢሳይያስ ፊቱ ጠቆረ። ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «እህት ንጋቷን ሰው ፊት ልታዋርጃት ነው? እኔ እያለሁ አይሆንም» አላት። ንጋቷ ራሷ ሰምታ ከኋላ መጣች። «ወንድም ኢሳይያስ፣ እዘምራለሁ» አለችው፣ በቃ፣ ይችን ብቻ። እሱም ወደ ትሕትና ዞሮ፣ «እሺ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የኛ ጉባኤ ዝምታ አያውቅም» አለ።

እውነቱን ነበር። ልምምዱ ጉድ ነው። የመዘምራኑ ዜማ በንጋቷ አባት መንደር ዓይነት ነው የተሠራው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት ድምፅ ብቻ፣ ተራው ሲደርስ አንዴ አውጥቶ ዝም። ተራ መጠበቅ ማለት ለባለ ቀጭን ድምፆቹ ሴቶች፣ ለሶፕራኖዎቹ፣ ሞት ነው፤ የሌላውንም ካልዘመሩ አይሆንላቸውም። ንጋቷ በመጨረሻ ክብ ሠርተው እንዲቆሙ አደረገቻቸውና የአባቷን ሰዎች አቋቋም አሳየቻቸው፤ ጉልበት ዘመም፣ ጆሮ ወደ ጎረቤት። ያን ጊዜ ተያዘ። ዜማው ሲዞር ራሳቸው ዘማሪዎቹ እርስ በርስ እየተያዩ በመገረም ሳቁ። ትልቁ ራስ ምታት ግን ቤኪ ነበር፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ። ቤኪ ባለ ትዳር፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ዝም የሚባልበት ቦታ ሲደርስ ግን እጁ በራሱ ሄዶ ለስለስ ያለ ነገር ከሥር ይሞላል። ፓስተር ሲጸልይ መሙላት፣ ማስታወቂያ ሲነገር መሙላት፣ ዕድሜውን የሠራው እሱን ነው። «እጄ አይሰማኝም እኮ!» ይላል። መጨረሻ ላይ ትሕትና ሰፌድ አስይዛ ከባለ ወፍራም ድምፆቹ ሴቶች፣ ከአልቶዎቹ ጋር፣ ቡና እንዲያንከባልል ስታደርገው ተገላገለች።

ንጋቷ ቤቷ እንቅልፍ አጣች። የፈራችው መሰንጠቁን አይደለም። የፈራችው ያንን መነሳት ነው፤ ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ድጋሚ በፍቅር እንዳይቀብራት። ይሄን ለሹክሪያ ስትነግራት፣ «እኔ በር ላይ እቆማለሁ፣ አንድ ሰው ቢነሳ ጫማዬን ነው የምወረውረው» አለቻት። እንዲህ ናት ሹክሪያ።

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዝናቡ ጠዋት ወርዶ ጨርሷል፤ ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ሰው ያመላልሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ከዩኒቨርሲቲውም መጡ፣ ከገበያውም መጡ። ትሕትና መድረክ ላይ ወጥታ፣ «እስኪያበቃ ድረስ እባካችሁ አታጨብጭቡ፣ ድምፅም አታሰሙ» አለች። ጉባኤው ባንድ ድምፅ «አሜን!» አለ። ኢሳይያስ አንገቱን ደፋ።

ተጀመረ። ትሕትና ፊታቸው ቆማ በእጇ መምራት ያዘች፤ መጀመሪያ ሰፌዶቹ። ቡናው በሰፌድ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል የሩቅ ዝናብ መሰለ፤ ቀና ብለው ወደ ጣራው ያዩ ነበሩ። ከዚያ ወንዶቹ፣ አንዱ «ሁ» ሌላው «ሂ»፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ድምፁ ከዚህ ተነስቶ እዚያ፣ ከዚያ ተነስቶ እዚህ፣ ክቡን እየዞረ እየፈጠነ መጣ። ገጠር የተወለዱ ሽማግሌዎች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሚያውቁት ነገር ነው፤ ደግሞ ጨርሶ የማያውቁት ነገር ነው።  ንጋቷ ይህን ሁሉ ዜማ አንድ ሰው የፈጠረው መሆኑን ማመን አቃታት፤ ድሮም የነበረ፣ ዛሬ ገና ጆሮ የደረሰለት መሰላት። ክቡ እየሳሳ፣ አንድ አንድ ሰው እየተወ ሄደ። ሰፌዶቹ ቆሙ። ዝም።

ባዶው ነጭ ቦታ ደረሰ። ንጋቷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። ትንፋሿን ለቀቀች፤ ከትንፋሹ ውስጥ ድምጿን አወጣችው፤ ከፍ አደረገችው። ተሰነጠቀ። አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ።

ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እትዬ ወሰንየለሽ ይህን ሲሰሙ አንጀታቸው አልቻለም። አሮጊት ናቸው፤ ንጋቷን እንደ ልጃቸው ይወዷታል፤ የወደቀች መሰላቸው። «ኢየሱስ ሆይ! እርዳት!» ብለው ብድግ አሉ። በቃ። አንዱ ሲነሳ ሌላው፣ ሌላው ሲነሳ ረድፉ፣ ሕዝቡ ሁሉ ተነስቶ ጸሎቱን አጋመው። ቤቱ በአንድ ጊዜ ተናወጠ። ሹክሪያ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋንም ረሳችው፤ ማን ላይ ትወርውረው? ኢሳይያስ የመዘምራኑ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። እጁ፣ እሱ ሳያዝዛት፣ ወደ ላይ ተነሳች። መዘምራኑም ያቺን እጅ ሲያዩ የሚያውቁት ነገር አንድ ነው፤ የድሮውን ሶሎዋን ተቀበሉላት።

ንጋቷ ድጋሚ በድምፅ ሥር ተቀበረች። አፏን እንደከፈተች ወደ ትሕትና አየች። ትሕትና እንባዋ እየወረደ ነው፤ ግን ወደ ንጋቷ የዘረጋችውን እጇን አላወረደችም። ቦታው አሁንም የርስዎ ነው የምትላት ይመስላል። ከጎን ወደ ውጭ የሚያወጣው በር ክፍት ነበር። በዚያ ብትወጣ ማንም አይፈርድባትም፤ እንዲያውም አቅፈው ይሸኟታል።

ንጋቷ ከመድረኩ ወረደች። ወደ በሩ ግን አልሄደችም። ቀጥ ብላ ወደ እትዬ ወሰንየለሽ ሄዳ የተዘረጉ እጆቻቸውን ያዘች፤ አፏን ወደ ጆሯቸው አስጠጋችና ያንኑ ትንፋሽ፣ ያንኑ ስንጥቅ ድምፅ አሰማቻቸው። አሮጊቷ መጀመሪያ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞ» አሉ። ከዚያ አፋቸው ቆመ። ዓይናቸውን ገለጡ። ሰሟት። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች፤ ወደ ጆሮው። ወደሚቀጥለው። ድምጿ ቤት የሚሞላ ድምፅ አይደለም አሁን፤ አንድ ጆሮ ግን ይሞላል። በሄደችበት ሰዉ እየተቀመጠ፣ በሰዉ ላይ ዝምታ እየወረደ ሄደ። ያልደረሰችባቸውም የተቀመጡትን አይተው ጸሎታቸውን ዋጡ፤ እንድትደርስባቸውም ጆሯቸውን ወደ መተላለፊያው አዘነበሉ። ጎልማሳ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ሁሉም እንደ ልጅ ጆሮ ሰጥተው ተራቸውን ጠበቁ። ንጋቷ እያንዳንዱ ፊት ላይ ያንን ነገር አየችው፤ ሐዘኔታ አልነበረም፤ እሷ በረንዳው ላይ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ የያዘች ጊዜ የነበራት ፊት ነው።

የቀሩት መዘምራኑ ብቻ ነበሩ። የኢሳይያስ እጅ ገና እንደተነሳ ስለሆነ የድሮውን መዝሙር መዘመር አላቆሙም። ንጋቷ ወደ መድረኩ ተመልሳ ወጣችና ኢሳይያስ ፊት ቆመች።  «እህቴ፣ ልረዳሽ ብዬ ነው» አላት። እሷም ወደ ጆሮው ተጠግታ ዘመረችለት፤ ሁለት ሆኖ በሚወጣው ድምፅ፣ ከመጀመሪያው ስንጥቅ ጀምሮ። ኢሳይያስ አዳመጠ። ያሠለጠነው ድምፅ አይደለም፤ እሱ ሊያሠለጥነው የሚችል ድምፅም አይደለም። እጁን ወደ ታች አወረደ። መዘምራኑ ዝም አሉ።

ንጋቷ ወደ ሕዝቡ ዞረች። በሩ ላይ ያለችው ሹክሪያ ሳትቀር፣ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው አላሳለም፣ አንድ ወንበር አልተንቋቋም። ትንፋሿን ሰበሰበችና ከፍ አደረገችው። ተሰነጠቀ፤ ሻከረ፤ መሃል ላይ ጠፋ፤ ጠፍቶም ቆየ። ሰዉ ጠበቃት። እንደገና መጣ።

ማንም አልረዳትም። ብቻዋን እስከ መጨረሻው ዘመረች።